ውሻን እንደ ጠባዩ መግራት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ውሻ አገራር ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ከጉዳይ ሁሉ ተመርጦ የውሻ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ውሻ በየግቢያችን የሚያድር፤ ከልጆቻችን ጋር የሚውል፤ ጥርስም ያለው ፍጥረት ነው። በደኅና የተገራ እንደ ሆነ ቤት ይጠብቃል፤ ብቸኛውንም ያጫውታል። በክፉ አያያዝ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን የጎረቤትን ልጅ ነክሶ ባለቤቱን ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ሐኪም ቤት፤ ከሐኪም ቤት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያመላልሰዋል። ስለዚህ ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም።

በዚህ ንግግር ላስረዳ ያሰብሁት ፍሬ ነገር አንድ ነው። ይኸውም ውሻን ከማስተማር አስቀድሞ ውሻውን ማወቅ ይገባል የሚል ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ተግሣጽ እንደማይታረም፤ ውሻም ሁሉ በአንድ ዘዴ አይገራም። አንዱን ያቀናው አያያዝ ሌላውን ይሰብረዋል፤ ሌላውን ደግሞ ያሳብደዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ቦታው ሰርዶ ይሁን። ሰርዶ በአፋር ምድር፤ ከሰመራ አልፎ ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የደረሰው የምድር መናወጥ ከተማዋን እንዳፈረሳት በዕድሜ የገፉት ያስታውሳሉ። የዱር አህያ የሚጠበቅበትም ሰፊ ክልል ከሚሌ ጋር በስሟ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ እንደ እሳት ይለበልባል፤ ከባድ መኪናው ቀንም ሌሊትም ያልፋል፤ ሲመሽ ደግሞ የጅብ ድምፅ ይሰማል። ወደዚህ አገር የሚዛወር መምህር፤ የጤና ባለሙያ፤ ፖሊስ ወይም የመንገድ ሠራተኛ ለግቢው ውሻ ቢፈልግ አይደንቅም።

እንግዲህ እንበልና አንድ ወደዚያ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንዲት እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሦስት ቡችሎች አሳደገ፤ ስማቸውንም አንበሶ፤ ቡቺና ነብሮ ብሎ አወጣላቸው። ምግባቸው አንድ፤ ማደሪያቸው አንድ፤ ጌታቸውም አንድ ነው። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ጠባያቸው ለየቅል ሆነ። አንበሶ እንግዳ ባየ ጊዜ ይዘላል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ቡቺ ኮቴ የሰማ እንደ ሆነ ጅራቱን ወትፎ ከአልጋ ሥር ይገባል። ነብሮ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፤ አንድ ጊዜ ይጮኽና መልሶ ይተኛል፤ ቢጠሩትም ሲፈልግ ይመጣል፤ ሳይፈልግ ይቀራል።

ባለቤቱ ሦስቱንም ሊያርም አንዲት በትር አዘጋጀ። አንበሶ በተመታ ጊዜ በትሩን እንደ ጠብ ቆጠረው፤ ከፊተኛውም ይልቅ ጋለ። ቡቺ ተንቀጠቀጠ፤ ሽንቱም አመለጠው፤ ከዚያ ወዲያ የጌታውን ጥላ ባየ ቁጥር ይደበቅ ጀመር። አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ሊዳብሰው ከአልጋው ሥር እጁን ቢያገባ መሸሻ አጥቶ ነከሰው። ነብሮ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ዱላውን ተቀበለ፤ ምንም አልተማረም። በትሩ አንድ ነው፤ መቺውም አንድ ነው፤ ያፈራው ፍሬ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ልጁን የነከሰው ቁጡው አንበሶ ሳይሆን ፈሪው ቡቺ መሆኑ ነው። «የፈሪ ዱላ» እንደሚባለው ሁሉ የፈሪ ውሻ ጥርስም ክፉ ነው።

ይህ በምሳሌ የተነገረው ነገር በሊቃውንት ምርመራ የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ዕድሜውን ከውሾች ጋር ያሳለፈ ሰው ነበር። ውሾቹን ድምፅ ወይም ብርሃን ከምግብ ጋር እያገናኘ ሲያስተምራቸው አንዱ ቶሎ ሲቀበል ሌላው እንደሚዘገይ፤ አንዱ ሲጸና ሌላው እንደሚፈርስ አየ። ከብዙ ዘመን ትዝብት በኋላ በአራት ክፍል መደባቸው። የመጀመሪያው ብርቱ ሆኖ ራሱን መግታት የማይችል ቁጡ ነው። ሁለተኛው ብርቱ፤ ሚዛናዊና ቀልጣፋ ነው። ሦስተኛው ብርቱና የተረጋጋ፤ ግን ዘገምተኛ ነው። አራተኛው ነርቩ ደካማ የሆነ፤ በጥቂት ነገር የሚደነግጥ ነው። የእኛ አንበሶ ከመጀመሪያው፤ ነብሮ ከሦስተኛው፤ ቡቺ ከአራተኛው ወገን ይቈጠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1924 በሌኒንግራድ ከተማ ታላቅ ጎርፍ ሆነ። ውሃው ፓቭሎቭ ውሾቹን ከሚያኖርበት ቤት ገባ፤ ሠራተኞቹም ውሾቹን በዋና አወጧቸው። አደጋው ካለፈ በኋላ አንዳንዶቹ ውሾች እንደ ቀድሞው ሲሠሩ ሌሎቹ ለረጅም ጊዜ የተማሩትን ሁሉ ረስተው ተገኙ። ከእነዚህም አንዱ ካገገመ በኋላ ከበሩ ሥር ጥቂት ውሃ እንዲፈስ ቢደረግ ያው ፍርሃት ተመልሶ ያዘው። ጎርፉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ የተቀበለው ጠባይ ግን የተለያየ ነው። በሰርዶ የምድር መናወጥ ያለፈበት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም፤ ከአንድ ድንጋጤ አንዱ በቀን ሲጽናና ሌላው ዓመት ሙሉ በር እንደሚያይ ያውቃልና።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት ባር ሃርበር በሚባል ስፍራ ዳንኤል ፍሪድማን የተባለ መርማሪ የአራት ዝርያ ቡችሎችን ወስዶ እኩሌታውን በማባበልና በጨዋታ፤ እኩሌታውን በጥብቅ ሥርዓት አሳደገ። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው በሥጋ ፊት አቆማቸው፤ ሊበሉ ሲሉም «ተው!» እያለ ኋላቸውን መታ እያደረገ ከለከላቸው። ከዚያ ከክፍሉ ወጥቶ በስውር ተመለከታቸው። ይህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1958 ታትሟል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሼትላንድ የሚባሉት የበግ ጠባቂ ውሾች እንዴትም ቢያድጉ ሥጋውን ሳይነኩ ቀሩ። ባሴንጂ የሚባሉት የአፍሪካ ውሾች ደግሞ እንዴትም ቢያድጉ ሰውዬው እንደ ወጣ ወደ ሥጋው ሄዱ። በቀሩት በሁለቱ ዝርያዎች ግን አስተዳደጉ ለውጥ አመጣ። ትእዛዙን ጠብቀው የቆዩትም ብዙ ሰው እንደሚገምተው በጥብቅ ሥርዓት ያደጉት ሳይሆኑ በማባበል ያደጉት ናቸው። ጌታውን የወደደ ውሻ የጌታው ቁጣ ይከብደዋል፤ ቁጣን የለመደ ግን ቁጣው እንደ ነፋስ ያልፍበታል።

ይህን ስትሰሙ «እንግዲያውስ ጉዳዩ የዝርያ ነው፤ ጥሩ የፈረንጅ ውሻ ገዝቶ መገላገል ነው» እንዳትሉ። በከተማችን ይህ አሳብ በርትቷል፤ ለአንድ ቡችላ የብዙ ወር ደመወዝ የሚከፍልም አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከዐሥራ ስምንት ሺህ በላይ በሚሆኑ ውሾች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከዝርያው ስም ይልቅ በፊታችሁ የቆመውን ውሻ ማየት ይበልጣል። አንበሶ፤ ቡቺና ነብሮም ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች ናቸው።

የውሻን ጠባይ ማወቅ የሰውን ሕይወት የሚያድንበትም ጊዜ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የቡሬ ግንባር የውጊያ ቦታ ነበር፤ በአፋር ምድርም የተቀበረ ፈንጂ ቀረ። በ1993 ዓ.ም. ፈንጂ የሚያመክን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የኖርዌይ ሕዝብ ርዳታ ድርጅትም አነፍናፊ ውሾችን በማቅረብ ረዳው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ውሻ የሚመረጠው በግርማው ወይም በጥርሱ አይደለም። ለመጫወት የሚጓጓ፤ በድንገተኛ ድምፅ የማይሸበር፤ ደጋግሞ መፈለግ የማይሰለቸው መሆን አለበት። ትምህርቱም በኳስና በጨዋታ ነው። የፈንጂውን ሽታ ባገኘ ጊዜ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ኳሱም ይሰጠዋል። በዱላ የተማረ እንደ ሆነ ቅጣት ፈርቶ ሽታ በሌለበት ይቀመጣል፤ ወይም ሽታ ባለበት ዝም ብሎ ያልፋል። ያለፈው ስፍራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ እረኛው ፍየሉን ይዞ ይገባበታል። ፈርቶ የሚታዘዝ ውሻ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። የውሻን ጠባይ ለማወቅ የሊቅ መሣሪያ አያሻም፤ አንድ ሳምንት በትዕግሥት መመልከት ይበቃል። አዲስ ዕቃ፤ ለምሳሌ ባዶ ጀሪካን፤ በግቢው ስታኖሩ ይቀርበዋል ወይስ ይሸሻል? እንግዳ ሲመጣ ይወረወራል፤ ወደ ኋላ ይላል ወይስ ቆሞ ያያል? እየበላ ሳለ ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ ይደነድናል ወይስ ግድ የለውም? ብቻውን ሲቀር ይጮኻል ወይስ ይተኛል? ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ድንገት ክዳን ወድቆ ቢደነግጥ ወደ ልቡ የሚመለሰው በምን ያህል ጊዜ ነው? መደንገጥ የሁሉም ነው፤ ወዲያው ተመልሶ ክዳኑን የሚያሸትና እስከ ማታ የሚደበቅ ውሻ ግን በአንድ መንገድ አይማሩም።

እንደ አንበሶ ያለውን ቁጡ ውሻ በኀይል አትግጠሙት። ለእርሱ የሚያስፈልገው ጉልበቱን የሚያወጣበት ሥራና ራሱን የሚገታበት ልምድ ነው። ማልዳችሁ አስሩጡት፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ሳይቀመጥ አይቅረብለት፤ በርም ሳይረጋ አይከፈትለት። መኪና ሲመጣ ከመጋሉ በፊት በስሙ ጥሩት፤ ከመንገዱ አርቃችሁም ጸጥ ሲል ጉርሻ ስጡት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀረባችሁ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ግን ቁጣውን ማከማቸት ነው።

እንደ ቡቺ ያለውን ፈሪ ወደሚፈራው ነገር አትጎትቱት። ዝቅ ብላችሁ ጎን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፤ ዓይን ዓይኑን ሳታዩ ጉርሻውን ወደ መሬት ወርወር አድርጉለት፤ ራሱ ይምጣ። ድምፃችሁ ለስላሳ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ «ና ሰላም በል» ብላችሁ አታስገድዱት፤ እንግዳውም ችላ ይበለው። ልጆችንም ውሻ ከተደበቀበት እጃቸውን እንዳያገቡ በብርቱ አስጠንቅቁ። ቡቺ ለጥበቃ አይጠቅምም ማለትም አይደለም፤ የፈሪ ጆሮ ንቁ ነውና ጅቡን ከወንድሞቹ አስቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። ጮኾ ካሳወቀ ሥራውን ፈጽሟል፤ ይነክስ ዘንድ አትጠይቁት።

እንደ ነብሮ ያለውን ዘገምተኛ ደግሞ ሰነፍ አትበሉት። ዐሥር ጊዜ «ና! ና!» ብላችሁ የጠራችሁት እንደ ሆነ እስከ ዐሥር መጠበቅን ታስተምሩታላችሁ። አንድ ጊዜ ጥሩት፤ ከመጣም እጅግ የሚወደውን ነገር፤ ቁራሽ ሥጋም ቢሆን፤ ስጡት። ትምህርቱ አጭር፤ ግን በየቀኑ የሚደገም ይሁን። እንዲህ ያለው ውሻ ለመማር ይዘገያል፤ አንዴ የያዘውን ግን በቀላሉ አይረሳም። ለቀልጣፋውና ለሚዛናዊው ውሻ ብዙ ምክር አልጨምርም፤ ሥራ ፈትቶ ጫማ መብላትን ራሱን በራሱ እንዳያስተምር ብቻ ተጠንቀቁ።

የቅጣትን ነገር አንድ ሳልል አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት በሚያስፈራና በሚያሳምም ዘዴ የሚሠለጥኑት በጉርሻ ከሚሠለጥኑት ይልቅ ጭንቀት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። በተለይም ውሻ ስላጉረመረመ አይመታ። ማጉረምረም «አትቅረበኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል እንጂ ንክሻውን አይተውም፤ በኋላም ሳይናገር የሚነክስ ይሆናል።

ለሰርዶና ለአዋሽ ሸለቆ ቆላ ሌሎች ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በይበልጥ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን፤ ጥላና ውሃም አይጓደል። በቀትር አስፋልት ላይ የሚጎተት ውሻ መዳፉ ይቃጠላል፤ እንቢ ቢል ዐመለኛ ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው የጎረቤት ክብር ነው። በእስልምና ሥርዓት ለከብት ጥበቃና ለአደን የሚሆን ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ምራቁ የነካውን ዕቃ እንደ ረከሰ ይቈጥሩታል። በሙስሊም ሕዝብ መካከል የሚኖር ባለ ውሻ እንግዳ ላይ አለመዝለልን፤ ልብስና ዕቃ አለመላስን ከሁሉ አስቀድሞ ማስተማር አለበት። «እንደ አገሩ ይኖሩ፤ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይባላልና።

ቡችላ የምታሳድጉም ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ አታባክኑ። በዚህ ዕድሜ ሕፃን፤ ሽማግሌ፤ በግና ፍየል፤ የመኪናም ድምፅ በዝግታና በደግነት የተዋወቀ ቡችላ ሲያድግ የሚፈራው ነገር ያነሰ ይሆናል። ጠባይ ከተፈጥሮ የሚገኝ ቢሆንም አስተዳደግ ያለዝበዋል ወይም ያከፋዋል።

በመጨረሻ ከሁሉም የሚበልጠውን ልናገር። የውሻውን ጠባይ ያወቀ ባለቤት የጠባዩንም ለውጥ ያውቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ድንገተኛ የጠባይ መለወጥ ነው። ቁጡው ቢያደነግዝ፤ ፈሪው ያለ ምክንያት ቢደፍር፤ የተረጋጋው ቢቅበዘበዝ፤ ምራቁን ቢያዝረበርብ ወይም መዋጥ ቢያቅተው «ዐመሉ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ልጆችን አርቁ፤ ለእንስሳት ሐኪምም አስታውቁ። ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ውሻውም በየጊዜው ይከተብ።

የመንግሥት ሠራተኛ ይዛወራል። ሻንጣው ሲጫን ውሻውን በአውራ ጎዳና ላይ ጥሎ መሄድ ግን ለውሻውም ለአገሩም በደል ነው። ጌታ ያጣ ውሻ ይራባል፤ ይባዛል፤ በሽታም ያዛምታል። ይዛችሁት መሄድ ባይሆንላችሁ ለሚረከበው ሰው ስጡት፤ ስትሰጡም ስሙን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ንገሩ፤ «ይህ ድምፅ ይፈራል፤ ይህ መኪና ያስቈጣዋል፤ ይህ በጉርሻ እንጂ በጩኸት አይመጣም» በሉ። ያች ጥቂት ቃል አዲሱን ጌታ ከብዙ ድካም፤ ውሻውን ከብዙ ዱላ፤ የጎረቤትንም ልጅ ከንክሻ ታድናለች።